«ምንም አልታየም» የሚለው መስመር

ልጆቼ፣

ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር በበጎ ፈቃደኝነት ባሕር ልትወጡ ማሰባችሁን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እንዲህ ካሉ ጀልባዎች የሚመጣ መረጃ በማጠናቀር ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የምላችሁ አለኝ።

እኔ የማውቀው የሊጉሪያን ባሕርን ነው፤ በሰሜን ጣሊያን ጠረፍና በኮርሲካ ደሴት መካከል ያለውን። ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ሞናኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈራርመው ፔላጎስ የተባለ የጥበቃ ቀጠና አድርገውታል፤ ስፋቱ 87,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ካሉ እንስሳት በግዝፈት ሁለተኛ የሆነው ፊን ዌል የተባለ ዓሣ ነባሪ በበጋ ክሪል የተባለችውን ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረት ሊበላ ወደዚያ ይመጣል። በዚያው ውሃ ግን ትልልቅ መርከቦች ይመላለሳሉ፤ እየገጩ ይገድሉታል። እንስሳቱ የትና መቼ እንደሚበዙ ሳይታወቅ መርከበኛውን «ፍጥነት ቀንስ» ማለት አይቻልም። የምትሞሉት ቅጽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፎቶ ላይ የምታዩት ዶልፊን ሲዘል ነው። ቀኑ የሚያልፈው ግን ባዶ ውሃ ላይ ዓይን ተክሎ ነው። ተራችሁ ሲደርስ ባይኖኩላር ይዛችሁ የተሰጣችሁን አቅጣጫ ትቃኛላችሁ፤ ሰዓቱን፣ የማዕበሉን ሁኔታ፣ ያያችሁትን ትጽፋላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትጽፉት «ምንም አልታየም» ብላችሁ ነው። ይህን መስመር አትናቁት። ምን ያህል ኪሎ ሜትር ተፈልጎ ስንት እንደተገኘ ካልታወቀ፣ የተገኘው ቁጥር ብቻውን ለእኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም።

ወጣት ሳለሁ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተራዬ ሆነ። ፀሐዩና የሞተሩ ድምፅ አሸነፉኝና ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ማንም ስላላየኝ «ምንም አልታየም» ብዬ ሞላሁ። ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። ጠዋት ለቡድን መሪያችን ነገርኳት። አልተቆጣችም። ቅጹን አውጥታ በዚያች መስመር ላይ በእርሳስ ሰረዝ አደረገችበትና ከጎኑ «ክትትል አልነበረም» ብላ ጻፈች። ተመልክቶ አለማየትና አለመመልከት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የዚያን ጠዋት ገባኝ፤ እስከ ዛሬም የሚደርሰኝን ቅጽ ሁሉ የማነበው በዚያ ዓይን ነው።

አብዛኞቹ ቡድኖች ለነዳጅና ለምግብ መዋጮ ስለሚጠይቁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መረጃው የት እንደሚገባና የምርምር ፈቃድ እንዳላቸው ጠይቁ። ከዱር ዶልፊን ጋር እናዋኛችኋለን፣ እናስነካችኋለን የሚሏችሁን ተዉአቸው፤ ያ ጥናት አይደለም። ዕቃ ማጠብና ወጥ ቤት መግባት በተራ ነው። እንደ እኔ ደጋ ላደገ ሰው ደግሞ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ጀልባው ከወደብ ሳይወጣ ይዋጥ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።

ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኝበት ጥልቅ ውሃ ላይ ከደረሳችሁ ሃይድሮፎኑን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚወርደውን ማይክሮፎን፣ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። እንስሳው ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ሊጠልቅ ይችላል፤ አርባ ደቂቃና ከዚያም በላይ አይታይም። በጨለማው ውስጥ የሚያድነውን የሚያገኘው ድምፅ እያሰማ ነውና፣ ቀጭ ቀጭ የሚል እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ወደ ላይ መምጣት ሲጀምር ድምፁ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፣ ካሜራ የያዘው የጅራቱን ጠርዝ ለማንሳት ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ የሚለየው በዚያ ጠርዝ ጭረትና ቅዳጅ ነውና። ሌሎቻችሁ በየአቅጣጫችሁ ውሃውን ትቃኛላችሁ፤ ማንም አይናገርም። ድንገት እፍ የሚል ረጅም ትንፋሽ ይሰማል፤ ወደ ግራ ያጋደለ የጉም ዓምድ ከውሃው ይነሣል። ሰዓቱን ጻፉ።