ከመፈረማችሁ በፊት ለኩ፦ ለወጣት የኔትወርክ ባለሙያዎች

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በምሠራበት ግቢ ኢንተርኔቱ ተንቀረፈፈ። «መስመሩ ጠቦ ነው፤ እጥፍ ይገዛ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ተገዛ። ኢንተርኔቱ ግን ያው ነበር። ችግሩ በኋላ የተገኘው አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ነው፦ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ተሰክቶ፣ ፓኬቱ (መረጃ ተቆራርሶ የሚላክበት ቁራጭ) በግቢው ውስጥ ይሽከረከር ነበር። ሳልለካ በመፈረሜ የሕዝብ ገንዘብ ባከነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ ሁሉ የ1986ን (እ.ኤ.አ.) ታሪክ የምነግራችሁም ለዚህ ነው።

በዚያ ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ኤንኤስኤፍኔት የተባለውን መረብ ሥራ አስጀመረ። ሱፐርኮምፒውተር የነበረው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ካሉበት ዩኒቨርሲቲ ሆነው እንዲጠቀሙበት ታስቦ ነው። ሳንዲያጎን፣ ኧርባናን፣ ፒትስበርግን፣ ኢታካን፣ ፕሪንስተንንና ቦልደርን ያገናኘው ዋና መስመር በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ብቻ ይይዝ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት የ3 ሜጋባይት ፎቶ መስመሩን ብቻውን ይዞ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር ማለት ነው።

ፓኬቱን ከመስመር ወደ መስመር የሚያስተላልፉት ራውተሮች የዴቪድ ሚልስ ፕሮግራም የተጫነባቸው አነስተኛ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ «ፈዝቦል» ይሏቸዋል። መስመሩ ሲሞላ ሚልስ የትልልቅ ፋይሎችን ፓኬት አቆይቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣለት የሚጠብቀውን ሰው አስቀደመ። ይህን ውሳኔ በጣም እወደዋለሁ። በመስመሩ ጫፍ የተቀመጠውን ሰው ያሰበ መሐንዲስ ነው እንዲህ የሚወስነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ግን ኢንተርኔቱ ራሱ ተዝለፈለፈ። በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ገደማ ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ። በዚያ መንገድ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ያልፍ የነበረው ወደ 40 ቢት ወረደ። ኪሎቢት አላልኩም፤ 40 ቢት፣ አምስት ፊደል። ዲስኩን ይዞ በእግር የሄደ ሰው ይቀድም ነበር።

ቫን ጃኮብሰን የላብራቶሪው ባልደረባ ነበር። ከበርክሌዩ ማይክ ካረልስ ጋር ሆኖ ፓኬቶቹን እየተከታተለ ምክንያቱን ፈለገ። ኮምፒውተሮቹ የላኩት ፓኬት መድረሱ ሳይነገራቸው ሲዘገይ፣ ጠፍቷል ብለው እንደገና ይልኩታል። ፓኬቱ ግን ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ወረፋ ላይ ነው። ግልባጩ ከኋላው ይሰለፋል፤ ወረፋው ይረዝማል፤ ሌላ ግልባጭ ይመጣል። መስመሩ አንዴ የደረሰውን ደግሞ ደጋግሞ በመሸከም ተጠመደ።

መፍትሔውን ያገኙት ላኪው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በአንድ ፓኬት ጀምር፤ መድረሱ ሲነገርህ ጨምር፤ ፓኬት ሲጠፋ መንገዱ ሞልቷልና ወዲያው ቀንስ። ለውጡን በርክሌይ ዩኒክስ በተባለው፣ ዩኒቨርሲቲው ባዘጋጀው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ውስጥ አስገቡት፤ ጃኮብሰንም በ1988 አሳተመው፣ ማንም እንዲወስደው። በዚያው ዓመት የኤንኤስኤፍኔት መስመር ወደ 1.5 ሜጋቢት ሰፋ፤ ያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ያለ ልክ የሚልክ ኮምፒውተር ሰፊውንም መስመር ይሞላዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ፕሮቶኮል መጥቶ ሄዷል፤ ያ ሐሳብ ግን እጃችሁ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ዛሬም ይሠራል።

እናንተም ነገ «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» ተብላችሁ ስትጠሩ፣ አለቃችሁ ምንም ቢቸኩል በመስመሩ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ዋየርሻርክን፣ ከፍታችሁ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ። እንደገና የተላከው ፓኬት ከመቶ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ከቢሮ ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ ወደ ውጭ፣ ለየብቻ ለኩ። ጠረጴዛም ሥር እዩ። ቁጥሩን ከነሰዓቱ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ግዥ ክፍል የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።