የካንሳሷን ቅድመ አያት በልጆቿ በኩል ፈልጊያት

እህቴ፣ የባለቤትሽ ቅድመ አያት ሜሪ በ1904 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ካንሳስ ስቴት ውስጥ ሞታ የሞት ምስክር ወረቀቷ ለምን እንዳልተገኘና የማን ልጅ እንደሆነች ነው የጠየቅሽው። ወረቀቱ አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑም አልተጻፈም። ካንሳስ በስቴት ደረጃ ሞትን መመዝገብ የጀመረችው በ1911 ነው።

ትልቁ እንቅፋት ስሟ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል። እዚያ ግን ካገባች በኋላ በባሏ የቤተሰብ ስም ስለምትጻፍ «ሜሪ» ብለሽ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ሜሪ በየቤቱ አለች።

ስለዚህ ከልጆቿ ጀምሪ፤ ከባለቤትሽ አያት ብቻ ሳይሆን ከሁሉም። ከ1911 በኋላ ካንሳስ የሞቱት ምስክር ወረቀት ላይ እናት ከማግባቷ በፊት የነበራት ስም የሚሞላበት ቦታ አለ። ለምስክር ወረቀቱ መረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነም እዚያው እዪ፤ አማች ወይም ጎረቤት ከሆነ በግምት ሊናገር ይችላል። ሁለት ሦስት ልጆች ላይ አንድ ዓይነት ስም ካላገኘሽ አትመኚው። ከ1871 በኋላ የተወለደ ልጅ ካላት፣ ከ1936 መጨረሻ ጀምሮ የተሞላውን የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና) ማመልከቻ ፈልጊ፤ የእናቱን ስም የሚሰጠው አመልካቹ ራሱ ስለሆነ ይሻላል።

ወደ ሕዝብ ቆጠራው ስትሄጂ፣ ከ1850 በፊት የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው። ዝምድና የተጻፈው ከ1880 ጀምሮ ነው። በ1880 እቤታቸው «አማት» የተባለች አሮጊት ካለች ብዙ ድካም ቀረልሽ፤ ሌላ ባል አግብታ ካልሆነ የቤተሰብ ስሟ የምትፈልጊው ነው። ግን ዝምድናው የሚቆጠረው ከአባወራው እንጂ ከሚስቱ አይደለም፤ «ልጅ» የተባሉት ለእሷ የእንጀራ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን በ1900ው ቆጠራ አጣሪ፦ ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። በትዳር 31 ዓመት ብላ የመጀመሪያው ልጅ 35 ዓመቱ ከሆነ ቀድሞ ሌላ ጋብቻ ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል። ዕድሜዋ በ10 ዓመት ውስጥ 7 ብቻ ቢጨምር ግን አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው።

የ1890ው ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ቃጠሎ ምክንያት ስለጠፋ ካንሳስ ራሷ በ1885ና በ1895 ባካሄደችው ቆጠራ ሙዪው። እዚያ ላይ «ወደ ካንሳስ ከየት መጡ» የሚል ዓምድ አለ። ብዙ ሰው ይህንን አልፎ የትውልድ ቦታዋን ይዞ ይሄዳል። ኦሃዮ ተወልዳ ከአይዋ ከመጣች ጋብቻዋን አይዋ ፈልጊ፤ የመጀመሪያው ልጅ የተወለደበት ስቴትም ይመራሻል። ጋብቻ በአብዛኛው የሚመዘገበው በሙሽራዋ ካውንቲ (በስቴቱ ሥር ባለው ወረዳ) ነው። ካውንቲውን ካወቅሽ ከሠርጉ በፊት የነበረውን ቆጠራ ገልጠሽ በስምና በዕድሜ የምትገጥም ልጅ ያለችበትን ቤት ለዪ።

ለሰፋሪዎች የመንግሥት መሬት በሰጠው በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር ወስደው ከሆነ ፋይሉ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ ስለ ቤቱና ስለታረሰው መሬት ብዙ ይላል። ስለ ሚስት ግን ባሏ ሞቶ የመሬቱን ጉዳይ በስሟ ካልጨረሰች ብዙም አይናገርም። ባሏ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን ተዋግቶ ቀድሟት ከሞተ ግን መጀመሪያ የመበለት ጡረታዋን ፋይል ፈልጊ። ጡረታውን ለማግኘት ጋብቻዋን ማረጋገጥ ነበረባት፤ ስለዚህ የጋብቻ ማስረጃ፣ የምስክሮች ቃለ መሐላ፣ አንዳንዴም ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የተቀደደ የልደት ገጽ ይገኝበታል። ስታዢ የተመረጡ ገጾችን ሳይሆን ሙሉ ፋይሉን ጠይቂ።