የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ፦ ሕጉ የት ድረስ ይሄዳል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ካፌ ልከፍት ነው። የ16 ዓመት ልጅ አስተናጋጅ አድርጌ ብቀጥር እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ቅጥሩ በራሱ አያስጠይቅዎትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚከለክለው ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ነው፤ በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ወለሉ 14 ነበር። 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ የሥራ ቀኑም ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራት ክልክል ነው። ካፌዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ገበያው የሚደራው በበዓልና በምሽት ስለሆነ ልጁን ያኔ ይጠሩታል። «ራሱ ፈልጎ ነው» ማለት አያድንም። የሥራ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ፤ በቃል ከቀጠሩት የውሉን ዝርዝር በ15 ቀን ውስጥ ጽፈው መስጠት አለብዎት። የዕድሜ ማስረጃውን ቅጂም ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የልደት ሰርተፍኬት ከሌለውስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ የላቸውም። አዋጅ 760/2004 ወጥቶ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ በወቅቱ አልተመዘገቡም። የትምህርት ቤት መዝገብ ይጠይቁ፤ አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመት ዕድሜውን በቅርብ ይጠቁማል። በደላላ እጅ ከመጣ ወረቀት ግን ይጠንቀቁ። ፊቱ የልጅ ሆኖ መታወቂያው 18 ዓመት የሚል ከሆነ ወላጅ ወይም ትምህርት ቤቱ ሳይጠየቅ አይቅጠሩ።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ከገጠር ያመጣቻት የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ቀን ከሌት ትሠራለች። ሠራተኛ ጉዳይ ብንሄድ «የቤት ሠራተኛ እኛን አይመለከትም» አሉን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የነገሩዋችሁ ነገር መነሻ አለው። አዋጅ 1156 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን አውጥቶ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። በዚህ ክፍተት በጣም የሚጎዱት በሰው ቤት ውስጥ ያሉ ሴት ልጆች ናቸው፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ እነሱ የግቢ በር ተዘግቶባቸዋል። ቢሆንም ልጅቷ ሕግ የላትም ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ትምህርቷን፣ ጤናዋንና ደኅንነቷን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ሕፃንን ማንገላታትን ይቀጣል። ለብዝበዛ ሲባል ተመልምላ የመጣች ከሆነ ደግሞ በሰው መነገድን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012 ይመጣል፤ ልጅ ናትና «ተስማምታ ነው የመጣችው» የሚለው ክርክር አይሠራም።

ለሴትየዋ ምንም አትንገሩ፤ ሳይመሽ ወደ ሌላ ቤት ልትዛወር ትችላለች። መቼ እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣት፣ ትምህርት ቤት መሄድ አለመሄዷን፣ ያያችሁትን ጉዳት በቀን በቀን ጽፋችሁ ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ውሰዱ፤ ድብደባ ካለ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል። በደግነት አውቶቡስ አሳፍራችሁ ብቻዋን አትላኳት። ቤተሰቧ ሳይገኝና ተቀባይ ሳይዘጋጅ የተላከች ልጅ መናኸሪያ ላይ ያው ደላላ እጅ ትወድቃለች። ደመወዟም መረሳት የለበትም፤ ውሉ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ድካሟ ከንቱ አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2162 በሌላው ድካም ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል።

ጥያቄ፦ የገጠር መምህር ነኝ። በአጨዳ ጊዜ ክፍሌ ይራቆታል። ቤተሰብን ማገዝም ብዝበዛ ነው?

መልስ፦ ከትምህርት በኋላ ውሃ መቅዳት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከብት መጠበቅ፣ ፀረ ተባይ መርጨት፣ ከአቅም በላይ መሸከም ግን ነው። መለኪያው ሰዓቱ፣ አደጋውና ትምህርቱን መንካቱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት 42.7 በመቶው፣ ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች፣ በዚህ ውስጥ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ በግብርና ላይ ናቸው። እዚያ ደግሞ ቀጣሪ የለም፤ አባት ነው ያለው። ቅጣት አይሠራም፤ የሚሠራው የቤተሰቡን ጉድለት መሙላት ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰብ የማኅበረሰብ ሥራ እየሠራ ድጋፍ የሚያገኝበት ፕሮግራም) እና የትምህርት ቤት ምገባ ከየትኛውም የቁጥጥር ዘመቻ የበለጠ ልጅ ክፍል ውስጥ ያቆያሉ ብዬ አምናለሁ። ሴፍቲኔት ግን አንድ ጣጣ አለው፦ እናት ለማኅበረሰብ ሥራ ስትወጣ የቤቱ ሥራ በትልቋ ልጅ ላይ ይወድቃል። የወረዳውን ሥራ መርሐ ግብር ሲያወጡ ይህን ንገሯቸው።

እርስዎ ደግሞ የቀሪ መዝገብዎን በሳምንት በሳምንት ለቀበሌው ያሳውቁ። ወሰነ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የሚላክ ዝርዝር ልጁን አይመልሰውም።

ጥያቄ፦ ሊስትሮና የታክሲ ረዳትስ?

መልስ፦ ሊስትሮው ለራሱ ስለሚሠራ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይያዝም፤ ጉዳዩ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው። ረዳቱ ግን አሠሪ አለው። መንገደኛና ዕቃ ማመላለስ አዋጁ ለወጣት ሠራተኛ ሊከለከሉ ይችላሉ ብሎ በስም ከጠቀሳቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ እንደ ማዕድን ቁፋሮ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የፍሳሽ ቦይ ሥራ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው። ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ አስመጣለሁ። ልጆች አለመሥራታቸውን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከሱቁ አይጀምሩ፤ ልብሱ የሚሠራው ከኋላ ባሉት ቤቶች ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ «ሙያ ይማራል» ተብለው የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ ማግ ያጠነጥናሉ፣ ከዚያ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው ሸማ ይሠራሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በስንት ቀን ያስረክባል? ለሸማኔው በቁራጭ ስንት ይከፈላል? ሸማኔዎቹ እነማን ናቸው? ትልቅ ትዕዛዝ በአንድ ሳምንት አደርሳለሁ የሚል ሸማኔ ወይ ሌሊት መሥራት ወይ ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል። እርስዎ ራስዎ ለጥምቀትና ለሠርግ ወቅት ቀደም ብለው ይዘዙ፤ የቀኑ መጣበብ ልጅ የሚያስገባ አንዱ ምክንያት ነው። ተወካይዎ ሳያሳውቅ በትምህርት ሰዓት ይሂድ። ልጅ ቢገኝ ትዕዛዙን ወዲያው አያቋርጡ፤ ልጁ ወደማይታይ ቤት ይዛወራል። መጀመሪያ ወረዳው እንዲያውቅና ቤተሰቡ እንዲፈለግ ያድርጉ፣ የሠራበት እንዲከፈለው ይጠይቁ፣ የሚቀጥለውን ትዕዛዝ ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ ጋር ያያይዙት።