የአባት ቮልስ፣ የሲጋራ ብርና ሌሎች ጥያቄዎች

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ መኪና መብራት ናቸው። ጣና ዳር እርጥበቱ ሲበረታ የደከመ ሽቦ መደበቂያ የለውም። ዛሬ አምስቱን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የቀበሌ 14 እናት፣ የባትሪ ተርሚናል ላይ ቫዝሊን መቀባት ይጠቅማል ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ይጠቅማል። መጀመሪያ ያጽዱት፣ ያጥብቁት፣ ከዚያ ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ከሽምብጥ አንድ ወጣት ነው። አባቱ የተዉለት በፈረንጆቹ የ1964 ቮልስ አለው። ቀለሙን አስቀብቶ ጨርሷል፤ አሁን ተራው የሽቦው ነው። ሠሪው «የተቃጠለውን ብቻ እንቀይር» ይላል። አጎቱ ደግሞ «ያለውን ሁሉ አውጥተህ ጣል» ይላሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሽቦውን በሙሉ ቀይር፤ ዕቃውን ግን ሳታይ አትጣል።

ሽቦ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ከፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ አንዱን ቁረጥና ልባሱን በጣት ስፋት ላጠው። መዳቡ ቀይ ሆኖ ካበራ መልካም። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ከሆነ ብየዳ እንኳ አይዘውም። ልባሱ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቂጣ ከተሰነጠቀም ያው ነው። ስልሳ ዓመት ያገለገለ ሽቦ ላይ ቁራጭ እየቀጠሉ በናስትሮ መጠቅለል ችግሩን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው።

የድሮው ማብሪያ ማጥፊያ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍታው። ውስጡ ያለው ናስ ከጠቆረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። አካሉ ካልተሰነጠቀና ምላሱ ካልላላ መልሰህ ግጠመው። ከሱማሌ ተራ የሚመጣ አዲስ ሁሉ ከእሱ ይሻላል ማለት አይደለም። ያለ ክርክር የሚቀየሩት የሽቦ ጫፍ ማያያዣዎች፣ ፊውዙን ጠበቅ አድርጎ የማይዝ ሳጥንና ሽቦ በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚጠብቁት ላስቲኮች ናቸው። ላስቲኩ ከሌለ መኪናዋ በየመንገዱ ጉድጓድ ስትናጥ ላሜራው ሽቦውን ይገዘግዘዋል።

አሁን ከልብህ ስማኝ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አንድ ጊዜ የአንዱን ቮልስ ወንበር ስናነሳ ከሥሩ ያለው ስፕሪንግ ጫፉ ጠቁሮ፣ የወንበሩ ሙሌት በመዳፍ ስፋት ከስሎ አገኘነው። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ ነበር። ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ ተርሚናሉን ይነካ ነበር። ባለቤቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚያች መኪና ነው። ክዳኑ ከሌለህ ዛሬውኑ አሠራ። የቤንዚን ታንከሩም ከፊት ኮፈን ሥር፣ የዳሽቦርዱ ሽቦ አጠገብ ነው። ከባትሪ ወደ ፊውዝ ሳጥን የሚሄደው ዋናው መስመር ደግሞ በፋብሪካው አሠራር ፊውዝ የለውም። ስለዚህ ይህን ሥራ ከዩቲዩብ አይተህ ብቻህን አትጀምር። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው፣ አንተ አጠገቡ ቁም። ባትሪው ሳይነቀል አንዲት ሽቦ አይነካ።

ጥያቄ፦ የወረታው አንባቢ 6 ቮልት መኪናቸውን ወደ 12 ሊያዞሩ ነው። ባትሪውን ብቻ ብቀይር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አምፖሎቹ ወዲያው ይቃጠላሉ። ዲናሞው ከነሬጉላተሩ፣ ቦቢናው፣ ጥሩምባው፣ የፍሬቻው ሪሌና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ሁሉም ይታሰባሉ። ሽቦው ግን ጤነኛ ከሆነ አያስቸግርዎትም። ሁለት ባለ 45 ዋት የፊት መብራት በ6 ቮልት 15 አምፔር ይወስዳል፤ በ12 ቮልት 7.5 ብቻ። ለ6 የተዘረጋው ወፍራም ሽቦ ለ12 ይተርፋል። ዝርዝሩን ከሠሪዎ ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ፊውዜ ደጋግሞ ይቃጠላል፤ ጎረቤቴ የሲጋራ ብር (ከፓኮው ውስጥ ያለውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት) ጠቅልልበት አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም! ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። የድሮው ቮልስ ፊውዝ ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው፤ በነጩ ቦታ ቀይ ማስገባት እንኳ ስህተት ነው። ብር ከጠቀለልክበት ፊውዝ የለህም፤ ቀጥሎ የሚቀልጠው ወንበርህ ሥር ወይም ታንከሩ ጎን ያለው ሽቦ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ንቀል። ፊውዙ መቃጠሉን ያቆመው የቱ ሲነቀል ነው? ጥፋቱ እዚያ ነው። ካልተገኘ መኪናዋ ትቁም። ይህን ሳላሳስብ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጥያቄ፦ ከዘጌ በኩል የሚመላለስ አንባቢ ሽቦውን አስቀይሮም መብራቱ እንደ ኩራዝ ደብዝዟል። አምፖል ሁለት ጊዜ ቀይሯል።

መልስ፦ አምፖሉን ተወው። በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያው) መብራቱ በርቶ እያለ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ጫፍ ላይ ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ መንገድ ላይ የሚበላው አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኔጌቲቩ ማሰሪያ ነው። አዲስ ሽቦ ዘርግተው የዛገ ቡሎን ላይ፣ ያውም በቀለም ላይ ያስሩታል። ቡሎኑን ፍታ፣ ሥሩን ላሜራው ነጭ እስኪሆን ፈግፍግ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ቅባት ቀባው። ከዚያ መልሰህ ለካ።