ጁላይ 4ን ጠይቁኝ፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ያህል አለኝ። ርዕሱ አንድ ቀን ነው፤ ጁላይ 4። በዚያ ቀን አሜሪካ ውስጥ ምን ምን እንደሆነ ጠይቁኝ። አንድ ማሳሰቢያ፦ «ሐምሌ 4» አትበሉ። ሐምሌ 4 ማለት ጁላይ 11 ነው። ርችት የት እንደሚሸጥም አላውቅም።

የታኮማዋ፦ ጋሼ፣ የነጻነት መግለጫውን የፈረሙት ሐምሌ 4 ቀን 1776 ነው አይደል?

መላሽ፦ ገና ከመጀመሪያው! ሐምሌ አትበሉ ብዬ ሳልጨርስ። ፊርማውም በዚያ ቀን አይደለም። የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የሰጠው ጁላይ 2 ነው። አሥራ ሁለቱ ቅኝ ግዛቶች ደገፉ፤ የኒውዮርክ ተወካዮች ከላኪዎቻቸው ፈቃድ ስላልመጣላቸው ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ጁላይ 4 የጸደቀው ጽሑፉ ነው። ያኔውኑ ጆን ደንላፕ የሚባል የፊላደልፊያ አታሚ ዘንድ ሄደና ሌሊቱን ታተመ። ከዚያ ህትመት ዛሬ የሚታወቁት 26 ቅጂዎች ናቸው። አብዛኞቹ የፈረሙት ኦገስት 2 ነው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስማ ጁላይ 3 ለባለቤቱ ለአቢጌል ሲጽፍ፣ ትውልድ በሰልፍ፣ በደወል፣ በርችት የሚያከብረው ቀን ጁላይ 2 ይሆናል ብሎ ነበር። ድግሱን በትክክል ገመተ፣ ቀኑን በሁለት ሳተ። ስለዚህ ድምፁን፣ ጽሑፉንና ፊርማውን ለዩ። ዛሬ ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው።

ዳላስ ነኝ፦ በሚቀጥለው ወር የዜግነት ኢንተርቪው አለብኝ። ታዲያ ጁላይ 2 ልበል?

መላሽ፦ ኧረ በእግዚአብሔር! መቼ ጸደቀ ነው የሚሉህ። ጁላይ 4፣ 1776 በልና ውጣ። ከመኮንኑ ጋር ታሪክ አትከራከር።

ቆጣሪው፦ በኛ አቆጣጠር ቀኑ ስንት ነው? ሰኔ 27 መሰለኝ።

መላሽ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት። የዘንድሮው አዎ፣ ሰኔ 27 ነው። የ1776ቱ ግን ሰኔ 29 ቀን 1768 ነው።

ቆጣሪው፦ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ሰኔ 27 ነው የሚለው። ቀን እንዴት ይቀየራል?

መላሽ፦ አፕህ ዛሬን ነው የሚያውቀው። ፈረንጆቹ በ100 የሚካፈል ዓመት ሲመጣ፣ በ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘሉታል። እኛ ጳጉሜ 6ን በየአራት ዓመቱ ሳንዘል እንጨምራለን። ስለዚህ 1800 ላይ አንድ ቀን፣ 1900 ላይ ሌላ አንድ ቀን ተለያየን። በ1776 ሰኔ 29 የነበረው በ1826 ሰኔ 28 ሆነ፤ ከ1900 ወዲህ ሰኔ 27። ከ2100 በኋላ ሰኔ 26 ይሆናል፣ ያኔ ያላችሁ አስታውሱኝ። አላመንክም? አድዋን ተመልከት። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ የፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1፣ 1896 ይላል። ዛሬ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። ማንም አልተሳሳተም፤ መሃል ላይ 1900 አለ። ስንት ሰው በዚህ ተጣልቷል መሰለህ! ለነሱ አንድ የሆነው ጁላይ 4 ለኛ ሦስት የተለያየ ቀን ነው።

ቆጣሪው፦ እሺ፣ አድዋውን ራሴ ቆጥሬ እመለሳለሁ።

ሹፌሩ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ከርዕስ ልውጣ። ጎረቤቴ ባርቤኪው ጠርቶኛል። ጾም ነው እንዴ?

ወይዘሮ ሽሮ፦ ጁላይ 4 ሁሌም በሰኔ ጾም ውስጥ ነው። የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው።

ሹፌሩ፦ እሱ የቄስ ጾም አይደል?

ወይዘሮ ሽሮ፦ የቄስ ጾም የሚባል የለም! የሐዋርያት ጾም ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው። እንዲህ እያላችሁ ነው ልጆቹን ያበላሻችኋቸው።

ዳላስ ነኝ፦ እትዬ፣ ሽሮ ግሪል ላይ አይወጣማ 😂

መላሽ፦ በቆሎ ጥበሱ። ወደ ርዕሳችን።

የታኮማዋ፦ ሁለት ፕሬዚዳንቶች በአንድ ቀን ሞቱ የሚባለው ተረት ነው?

መላሽ፦ እውነት ነው። ደግሞም በየትኛውም ቀን አይደለም፤ ጁላይ 4፣ 1826፣ ልክ ሃምሳኛው ዓመት ላይ። ቶማስ ጀፈርሰን ቨርጂኒያ ሞንቲቼሎ ቤቱ ውስጥ እኩለ ቀን እንዳለፈ አረፈ፣ 83 ዓመቱ ነበር። ጆን አዳምስ በዚያው ቀን ወደ ማምሻው ማሳቹሴትስ ኩዊንሲ ውስጥ አረፈ፣ በ90 ዓመቱ። መግለጫውን አንዱ ጻፈው፣ ሌላው ጉባኤው ውስጥ ተሟገተለት። ከዚያ በፖለቲካ ተቀያየሙ። በ1800 ምርጫ ጀፈርሰን አዳምስን ሲያሸንፈው አዳምስ በዓለ ሲመቱን እንኳ ሳያይ ከዋሽንግተን ወጣ። ለዓመታት አልተጻጻፉም። ያስታረቃቸው የጋራ ወዳጃቸው ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ ነው፤ ከ1812 ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንደኛ አገር ሽማግሌ በሉት። አዳምስ ሊሞት ሲል «ጀፈርሰን ገና አለ» ብሏል ይባላል። ጀፈርሰን ግን ከሰዓታት በፊት ሞቷል። ቃሉን ሰው በተለያየ መንገድ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ቃል በቃል አትጥቀሱት። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1831፣ ጄምስ ሞንሮም ጁላይ 4 ቀን ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሬዚዳንቶች ሦስቱ!

ወይዘሮ ሽሮ፦ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

መላሽ፦ ያኔም ብዙ ሰው እንደዚያው ነው ያለው። በነገራችን ላይ ሞንቲቼሎ ላይ ከ1963 ጀምሮ በየጁላይ 4ቱ የዜግነት መሐላ ሥነ ሥርዓት አለ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሂዱና እዩ።

አዲስ ገቢ፦ ስለ አሜሪካ ታሪክ ባጭሩ ብታስረዳን?

መላሽ፦ አይ።

ሹፌሩ፦ ጥቁሮቹስ? ለነሱ ነጻነት ነበር እንዴ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። የኒውዮርክ ግዛት ባርነትን ያስቀረው ጁላይ 4፣ 1827 ነው። ብዙ ጥቁሮች ግን በዓሉን ማግስቱን፣ ጁላይ 5 አከበሩ። ከባርነት ያመለጠው ተናጋሪ ፍሬድሪክ ደግላስም ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ላይ ያንን ታላቅ ንግግር ያደረገው በ1852 ጁላይ 5 ነው፤ ይህ በዓል የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም አላቸው። ንግግሩን ጁላይ 4 ላይ የሚያደርግ ጽሑፍ ብታዩ እለፉት። በ1863 ደግሞ፣ በሰሜንና በደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከ47 ቀን ከበባ በኋላ የሚሲሲፒዋ ከተማ ቪክስበርግ ለሰሜኑ ጄኔራል ለግራንት እጅ የሰጠችው ጁላይ 4 ነው፤ ወደ 29 ሺህ የደቡብ ወታደር ተማረከ። እዚያ የነበረው የደቡቡ አዛዥ ፔምበርተን ትውልዱ ሰሜን፣ ፊላደልፊያ ነው። በበዓላቸው ቀን የተሻለ ስምምነት ይሰጡኛል ብሎ አሰበ። በዚያው ቀን ሌላው የደቡብ ጄኔራል ሊ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ከደረሰበት የጌቲስበርግ ሽንፈት በዝናብ ማፈግፈግ ጀመረ።

ዳላስ ነኝ፦ ጌቲስበርግም ጁላይ 4 ነው ማለት ነው?

መላሽ፦ ውጊያው ከጁላይ 1 እስከ 3። አንብበህ ጠይቅ።

ቆጣሪው፦ አድዋን ቆጠርኩት፣ ልክ ነህ ጋሼ። ስፖርትስ የለም?

መላሽ፦ ቤዝቦል አልወድም። ታዋቂው ተጫዋች ሉ ጌሪግ በ1939 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ላይ የተሰናበተው በዚህ ቀን ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ 56ቱም ሰዎች ሐምሌ 4 ነው የፈረሙት?

መላሽ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ሐምሌም አትበል።

የታኮማዋ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ጁላይ 4 የተወለደ ፕሬዚዳንትስ አለ?

መላሽ፦ አንድ ብቻ። ካልቪን ኩሊጅ፣ በ1872፣ ቨርሞንት ውስጥ። ቡናዬ ቀዘቀዘ፣ ደህና እደሩ።