የሩጫ ጥያቄና መልስ፦ አዋሽን ይዞ፣ በመልካ ቁንጡሬ በኩል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ታላቁ ሩጫን በተከታታይ ሮጠናል። በሳምንቱ መሀል አስፋልት ላይ እንሠራለን፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ጫካ እንወጣለን። አሁን ከከተማ ወጣ ብለን የአዋሽን ሸለቆ ይዘን ለመሮጥ አስበናል። እሑድ ማለዳ መልካ ቁንጡሬ መኪናችንን አቁመን፣ አዳዲ ማርያም ድረስ በሩጫ ደርሰን ቤተ ክርስቲያኑን አይተን፣ በሩጫ ተመልሰን ሙዚየሙን ጎብኝተን፣ ሰዓት ከተረፈን ጢያ ትክል ድንጋይን ዐይተን ማታ ቤታችን መግባት ነው ሐሳባችን። ይቻላል? ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል? ውሻስ እንዴት እናድርግ?
የእሑድ ሯጮች፣ ከጀሞ

መልስ፦ መቻሉንማ ይቻላል። ግን ሁሉንም እናያለን ብላችሁ አንዱንም በቅጡ ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

ሒሳቡን እንየው። ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከቡታጅራው አስፋልት ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ አዳዲ ማርያም የሚያደርሰው የጠጠር መንገድ መሄጃው ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ደርሶ መልስ ሲሆን የለመዳችሁትን እጥፍ፣ ያውም ኮሮኮንች ላይ፣ ያውም የረፋድ ፀሐይ አናት አናታችሁን እያላችሁ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ እሑድ ማለዳ ቅዳሴ አለ። አባቶች የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ነው የሚሉት፣ ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ በላብ የራሰ ቁምጣ ለብሶ ቆሞ ማለክለክ ለእናንተም ለምእመናኑም ደስ አይልም። አዳዲን በመኪና ሂዱበት፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላ ይዛችሁ፣ ሁላችሁም ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረጋግታችሁ። ጢያን ደግሞ ለሌላ ቀን ተዉት። 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ «ሰዓት ከተረፈን» አይባልም።

ሩጫው አዋሽ ዳር ይሁን። ለዚህ ደግሞ ከመልካ ቁንጡሬ የተሻለ ቦታ ለአዲስ አበባ ሰው አላውቅም። ከከተማው ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓለም ገናን፣ ከዚያም ለሜንን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። ማልዳችሁ ከወጣችሁ ፀሐይ ሳይከር ታሟሙቃላችሁ።

የስፖርት መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼን ወደዚያ ስወስድ የምሰጣቸው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፣ ሰዓት ተመልከቱ። 35 ደቂቃ የወንዙን ዳርቻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሂዱ፣ 35 ደቂቃ ተመለሱ። የወንዙ ዳገት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ መሄጃውና መመለሻው ብዙም አይበላለጥም። የሚያደክማችሁ ከጎን እየመጣ አዋሽ የሚገባው ቦረቦር ነው። ስለ ቦረቦሩ ትንሽ ላውራ፤ የጉዞው ቁም ነገር እዚያ ነውና።

ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1963 ቦታውን ሲያገኝ ዓይኑን የሳበው ወንዙና ጎርፉ ቆርጠው ያጋለጡት የአፈር ግድግዳ ላይ የሚታየው የድንጋይ መሣሪያ ነበር። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቆፈረ፤ ጣሊያኖቹ ተከተሉት። ጎምቦሬ፣ ጋርባ፣ ሲምቢሮ የሚሏቸው የቁፋሮ ቦታዎች በሙሉ አዋሽና ገባሮቹ በቆረጧቸው ዳርቻዎች ላይ ናቸው። ጋርባ ላይ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶታል። ሲምቢሮ ላይ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ያመርቱ እንደነበር ተረጋግጧል። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ፣ እኔን እንደ ሯጭ ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ፣ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ አለ። ውኃ ዳር ጭቃ ላይ የአዋቂዎችና የትንንሽ ልጆች እግር፣ ከጉማሬና ከሌሎች እንስሳት ዱካ ጋር ተቀላቅሎ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ሸፍኖት ቆየ።

እንግዲህ እናንተ «አሪፍ ዳገት» ብላችሁ ስድስት ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል የምትሉበት የቦረቦር ገደል ይህንኑ የሚመስል አፈር ሊሆን ይችላል። አንድ ጎረምሳ በጫማው ጥርስ የሚንደውን ያህል ሦስት ክረምት አይንደውም። ስለዚህ ቦረቦር ሲገጥማችሁ ሰውና ከብት በረገጠው መሻገሪያ ብቻ፣ በእርምጃ ተሻገሩ። ጥርብ ድንጋይ ብታዩ አታንሡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስጠይቃል። ደግሞም ድንጋዩ ከወደቀበት ከተነሣ በኋላ ለተመራማሪው ብዙም አይናገርም። መልካ ቁንጡሬ ባልጩት ከሚባለው ቦታ ጋር አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለጥበቃው እናንተም እዳ አለባችሁ። ሙዚየሙ ግቢ ያሉትን ጠባቂዎች ስትነሡ አነጋግሯቸው፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ማሳ እንደተዘራ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ሰሞነኛውን የአካባቢውን ሁኔታም ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን እመርጣለሁ። በክረምት አታስቡት። መረሬው ጫማችሁ ላይ እየተለጠፈ እያንዳንዱ እግር ሁለት ኪሎ ይሆናል፤ አዋሽም ሰማዩ እናንተ ዘንድ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ በቾ ሜዳ የጣለውን ዝናብ ይዞ ድንገት ይሞላል። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ መረሬው ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ሣር ሲሸፍነው ቁርጭምጭሚት የሚበላ ወጥመድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ግን ቅዝቃዜው ሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛ ከከተማው ይብሳል፤ አውልቃችሁ ወገባችሁ ላይ የምታስሩት ሹራብ ያዙ።

ጫማችሁ ሶሉ ወፍራም ይሁን። ለአስፋልት ውድድር የተሠራውን ቀጭንና ስፖንጅ የሚመስለውን ቤት ተዉት። ባልጩት መስታወት ነው፤ ስብርባሪው ደግሞ በዚያ አካባቢ መሬት ላይ እንደ ልብ ነው።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ፊታችሁን አዙሩለት፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሡ ምሰሉ። የገጠር ውሻ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ መወርወሩ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከነከሳችሁ ግን «ትንሽ ናት» ሳትሉ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ሰውንም አትርሱ። ገጠር ውስጥ የሚሮጥ ሰው ወይ እያባረረ ወይ እየተባረረ ነው የሚመስለው፤ አዛውንትና እረኛ ስታገኙ ፍጥነት ቀንሱና «አካም ቡልታን» በሉ። መልሱን ሳትሰሙ አትለፉ።

ጥያቄ፦ ሰዓቴ እንጦጦ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ከ40፣ አዋሽ ዳር በ5 ደቂቃ ከ50 ይለኛል። ድካሙ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሰዓቱ ይዋሻል?

መልስ፦ ትንሽ ይዋሻል፣ ብዙውን ግን እውነቱን ነው። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መልካ ቁንጡሬ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ስለሚል ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ኦክስጅን ተጨመረልህ፣ ዳገት ተቀነሰልህ፤ መፍጠንህ የሚጠበቅ ነው። ውሸቱ ደግሞ እንጦጦ ላይ ነው። በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዝክ ስትሮጥ ሰዓቱ ማዕዘኑን እየቆረጠ በቀጥታ ስለሚያሰላ ከሮጥከው ያነሰ ርቀት ይመዘግባል፣ ቀርፋፋም ያደርግሃል። የሁለቱን ቦታ ቁጥር አታወዳድር። እንጦጦን ከእንጦጦ፣ አዋሽን ከአዋሽ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ «እኔም እሮጣለሁ» ብላ አስቸገረችኝ። መልካ ቁንጡሬ ልውሰዳት ወይስ ገና ናት?

መልስ፦ ውሰጃት እንጂ እህቴ! ግን የእሷ ሩጫ እንጂ የአንቺ አይሁን። ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጣ፣ ቆማ ወፍ ዐይታ፣ ሲላት ተራምዳ ትጨርስ። ወንዙ አፋፍ ስትደርሱ እጇን ያዢ፤ ውኃው የቆረጠው ዳርቻ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ውስጥ አትግባ፣ ውኃውንም አትጠጣ። ሙዚየሙን ከሩጫው በፊት አሳያት እንዳልልሽ፣ ልጅ ጉልበት እያላት ማብራሪያ አትሰማም። ደክሟት ስትቀመጥ አስገቢያትና ስለ ልጆቹ የእግር ዱካ አስጎብኚውን ራሷ ትጠይቀው። ደረቅ ካልሲ ቦርሳሽ ውስጥ ጨምሪ።