ላጲስ ያስጨበጥኩት ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ድሮ ያስተማርኳት፣ አሁን እሷም የአማርኛ መምህርት የሆነች ልጅ ደወለችልኝ። ሰላምታውን ካደረስን በኋላ፣ «ቲቸር፣ የሚያነቡት ላይ ከጎኑ እየጻፉ እንዲያነቡ ብዬ ለተማሪዎቼ ምንባብ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ገጹን በሙሉ በሃይላይተር ቢጫ ቀብተው መለሱልኝ። ምን እንደሚጻፍ እንዴት አድርጌ ላስተምራቸው?» አለችኝ። የመለስኩላት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ፊቴ ያለው ቡና እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። አንድ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው።

ጊዜው 1974 ዓ.ም. ነው። በወሎ ክፍለ ሀገር በአንዲት ከተማ አስተምራለሁ፤ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ። ያኔ መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። መስከረም ላይ ተፈርሞበት ይወሰዳል፣ ሰኔ ላይ ተቆጥሮ ይመለሳል። በኔ ክፍል አንዱን የአማርኛ መጽሐፍ ሦስት ሦስት ልጆች ይካፈሉት ነበር። የክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ ርክክቡ የኔ ጣጣ ነው፤ የተቀደደ፣ ዘይት የጠጣ፣ የተጻፈበት መጽሐፍ ያመጣ ይቀጣል። ወጣት ነኝ፣ «እትዬ እኮ ጥብቅ ናቸው» ሲባል ደስ ይለኛል።

ልጁ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ከፍ ያለ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቅኔ ቤት ቆይቷል፤ በክፍል ውስጥ እምብዛም አይናገርም። ተራው ደርሶ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ ገለጥኩት። ህዳጉ በሙሉ ተጽፎበታል። በእርሳስ ነው፣ ፊደሉ የሩዝ ፍሬ ያህላል። እዚህ «ለምን?»፣ እዚያ «ማን ነው የሚናገረው?»፣ ብዙ ቦታ ደግሞ «አንድም»። አንድምታ፣ ያንን የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ የሰማ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መምህሩ አንዱን ቃል ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምርበታል፤ ሁለተኛው የፊተኛውን አያፈርሰውም። ልጁ ይህን አመሉን ይዞ የመንግሥት መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

ስገልጥ ስገልጥ ሰምና ወርቅ ያለበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ግጥሙን ታውቁታላችሁ፦

እጸ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት እንዲህ ነው። ሰሙ፦ አዳም በለስ በላ፣ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ። ወርቁ፦ የአፍቃሪው ልብ በከንፈሯ ተንጠለጠለ። ህብረ ቃሉ «ተሰቀለልሽ»። ጻፉ፣ አጥኑ፣ ለፈተና ይመጣል። አለቀ።

እሱ ግን «በልቶ» የሚለውን አክብቦ መስመር እየሳበ «ተሰቀለ» ላይ አድርሶታል። ከጎኑ እንዲህ ይላል፦ «የበላው ሌላ፣ የተሰቀለው ሌላ። ውዳሴ ነው ወይስ ክስ?» ከሥሩ ደግሞ ከተካፋዮቹ አንዱ መሆን አለበት፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ክስ ነው» ብሎ መልሶለታል። ከዚያም በታች በፊተኛው እጅ፣ «አንድም፦ እሱስ ወዶ አይደል የተሰቀለ?»

ልጆቼ፣ እኔ ይህን አይቼው አላውቅም ነበር። ከንፈሯ አጥፍቶ ልቡ እንደሚቀጣ፣ ግጥሙ ማሞገስ ብቻ ሳይሆን ወቀሳም እንዳለበት፣ ወቀሳው ደግሞ «ወዶ» በምትለው ቃል ተመልሶ ፍቅር እንደሚሆን አንድ ልጅ በሦስት መስመር ጨርሶታል። አነበብኩት። ገባኝ። ያልገባኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባልቆጨኝ። ገብቶኝ ቀና አልኩና፣ «ይህን ሁሉ አጥፋ» አልኩት።

ላጲስ አልነበረውም። የአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቁራጭ ከየት እንዳመጣ አላውቅም፣ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሲፍቅ ዋለ። ወረቀቱ ስስ ነው፤ የግጥሙ ገጽ ተቀደደ። ለተቀደደውም አስከፈልኩት። ስንት እንደነበር ረስቻለሁ፣ ሳንቲሞቹን በመዳፉ ቆጥሮ ሲያስረክበኝ ግን ዛሬም ይታየኛል። በሚቀጥለው ዓመትም የክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ሰኔ ላይ መጽሐፉን መለሰ፤ አንዲት ነጥብ የለችበትም። እኔ ደግሞ «ጎበዝ!» አልኩት።

አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር እላለሁ። የብራና ዳዊት ነበረው፤ የኛ የልጆቹ የልደት ቀን የተጻፈው በዚያ ባዶ ገጽ ላይ ነው፣ የሞተው ወንድሜም ጭምር። ማንም መጽሐፉን አበላሸኸው አላለውም። ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ አይታችሁ እንደሆነ ከየመስመሩ በላይ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ ተደርድሯል፤ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያዝ ለአንባቢው ይነግረዋል። ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። እኛ በጽሑፍ ላይ ጽሑፍ የምንጨምር ሕዝብ ሆነን ሳለ ነው እኔ ለቆጠራ ብዬ ልጅ የቀጣሁት። የቁም ጸሐፊውንም ተመልከቱ፤ ቀዩን ቀለም ለእግዚአብሔርና ለእመቤታችን ስም፣ ለመነሻ መስመር ይቆጥበዋል። ገጹን ሁሉ ቢያቀላው ቀዩ ምን ይሠራለታል?

ወደ ቢጫው ልመለስና፣ የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው አልልም። እላለሁ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ! መጽሐፉን በቴሌግራም በፒዲኤፍ ያወርዱታል፣ የወደዱትን ገጽ ስክሪንሻት ያነሱታል፣ ያነሱትን ተመልሰው አያዩትም። ቀለም መቀባትም የዚያው ወንድም ነው፤ «ይህን በኋላ አስብበታለሁ» ማለት ነው። በኋላ የሚባለው ደግሞ አይመጣም። ግን እኛስ? ያኔ የኛ ተማሪዎች መምህሩ ያስጻፈውን በቃላቸው ይዘው ይመልሱ ነበር፤ እኛም «አንባቢ ትውልድ» እንላቸው ነበር።

ለዚያች መምህርት በስልኩ ያላልኳትን እዚህ ልበላት። ፎቶ ኮፒው ከከበደሽ ተዪው፤ ስምንት መስመር የሚሆን ምንባብ ራሳቸው ደብተራቸው ላይ ይገልብጡ፣ አንድ መስመር እየዘለሉ፣ የገጹን ሲሶ በቀኝ በኩል ባዶ ትተው። እጅ ሲገለብጥ ዓይን የዘለለውን ይይዛል። መጀመሪያ ሲያነቡ እርሳስ አይንኩ። ሁለተኛው ንባብ ላይ ግሱን ይፈልጉ፤ ማን ምን አደረገ፣ ማን ላይ። አማርኛ ነገሩን የሚሸሽገው ግሱ ውስጥ ነው፤ «ተሰቀለልሽ» ውስጥ ያለችው «ልሽ» ባትኖር ያ ግጥም ምን ይቀረዋል? የሚያሰምሩበት ሁሉ ጎን አንዲት ቃል ትኑር፤ ቃል ያልተጻፈለት መስመር ይሰረዝ። አንቺ ደግሞ መልሱን የምታውቂውን ሳይሆን ራስሽን የሚቸግርሽን ምንባብ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ እየተደናቀፍሽ አንብቢላቸው። መምህር ሲደናቀፍ ማየት ይወዳሉ፣ አትፈሪ።

ማርክ ግን አትስጪበት። እኔ አንድ ዓመት ከአሥር አርሜው ነበር፤ ልጆቹ ህዳጉን በአበባና በኮከብ አስጊጠው አመጡልኝ፣ «ለምን?» የምትለዋን ሳይቀር ከጎረቤት ገልብጠው።

በተውሶ መጽሐፍ ላይ ግን አትጻፉ። አዎ፣ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም እላለሁ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በእስክሪብቶ የተሰመረበት ገጽ ካየሁ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የራሴ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በእስክሪብቶ ያልተሰመረበት ገጽ የለውም፤ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ምኑን ነው ያላሰመርሽው?» ብላ ስቃብኛለች።

ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። መጽሐፉን ግን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። 1986 ዓ.ም. ላይ አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ወጥቶ መጻሕፍቱ ሲለወጡ አሮጌዎቹ በኪሎ እየተሸጡ ሱቅ ገቡ። አንድ ቀን ከቤቴ በታች ካለው ሱቅ ኦቾሎኒ ገዝቼ ስሄድ መጠቅለያውን አየሁት፤ ያ የድሮው የአማርኛ መጽሐፍ ነው፣ ያው የሰምና ወርቁ ገጽ። ኦቾሎኒውን ቀሚሴ ላይ ደፍቼ ወረቀቱን ዘረጋሁት፣ ወደ ፀሐይም አነሳሁት። አልተቀደደም። የተፋቀ እርሳስም የለበትም። የሌላ ልጅ ቅጂ ነበር፣ ህዳጉ ንጹሕ።